ከራዳሩ በኋላ ያለው መንገድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ከፊት ለፊት የመጣ ሾፌር መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አደረገልኝ። «ወደ ፊት ትራፊክ ፖሊስ አለ» ማለቱ ነው። እግሬ ሳላስበው ፍሬን ረገጠ፤ ራዳሩን ካለፍኩ በኋላ ያው እግር ወደ ነዳጅ መስጫው ተመለሰ። እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ቁጥጥሩ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ስለሚቆም የምንፈራው ፍጥነቱን ሳይሆን ራዳሩን ሆኗል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ግን በ50 ከሚሄደው አራት እጥፍ የግጭት ጉልበት ይይዛል፤ ፖሊስ ኖረም አልኖረም።

የአደንዛዥ ዕፁ ነገር ደግሞ ይብሳል። የትንፋሽ መለኪያው የሚያውቀው አልኮልን ብቻ ነው። ካናቢስ አጭሶ መሪ የጨበጠ ሰው ንፋ ሲባል ይነፋል፤ ዜሮ ይወጣለታል፤ «መልካም መንገድ» ተብሎ ይሸኛል። ምራቅ የሚመረምረው መሣሪያ እዚያው መንገድ ዳር በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁማል፤ ማረጋገጫው ከላቦራቶሪ ይመጣል። ውድ ነው ይባላል። ይሁን፤ ፖሊስ መቼና የት እንደሚቆም አስቀድሞ ካልታወቀ ጥቂት መሣሪያም ብዙ ሾፌር ያስፈራል። ያን ቀን እኔን ቢቀጡኝ ቅር አይለኝም ነበር።

ከአንድ ሾፌር