በሃይማኖት ላይ የሚሰነዘር ትችትና የሕግ ድንበር፦ ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ፍትሕ ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በሃይማኖት ላይ የሚሰነዘር ትችት በወንጀል የሚያስጠይቅበት ድንበር በጽሑፍ መመሪያ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፤

በምሥራቅ ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ፣ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ የነበርሁ፣ ኋላም ሕግ ተምሬ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በጥብቅና ሥራ የምተዳደር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነኝ። እምነቴን አስቀድሜ የምገልጸው የማቀርበው ጥያቄ ከንቀት የመነጨ እንዳይመስልብኝ ነው። የእመቤታችን ስም በክፉ ሲነሣ ሆዴ ይቃጠላል። ሆኖም የእኔ ሆድ መቃጠል ሌላውን ሰው ለማሰር በቂ ምክንያት ሊሆን አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በጥብቅና ሥራዬ ካየኋቸው ጉዳዮች አንዱን ልጥቀስ። ባለጉዳዩ እንዳይታወቅ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት የወረዳ ከተማ፣ አንድ የጤና ባለሙያ በፌስቡክ ገጹ ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ወጣት ጸበል በሄደበት ቦታ አጥማቂው መድኃኒቱን እንዲጥል ስላዘዙት መድኃኒቱን አቋርጦ፣ በሽታው ሲነሣበት ምድጃ ላይ ወድቆ፣ እጁ ተቃጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣቱን ይተርካል። ይኸው ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ በፖሊስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ «መድኃኒት የከለከሉት አጥማቂው ናቸው እንጂ እግዚአብሔር አልከለከለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ከደጅ የተሰበሰበው ሰው «ጸበል ሰድቧል» ይላል። መርማሪውን በየትኛው አንቀጽ እንደያዘው ስጠይቀው፣ «ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ ለራሱ ደኅንነት ነው ያቆየነው» ከማለት በቀር የሚጠቅሰው ሕግ አልነበረውም። ባለሙያው ጽሑፉን አጥፍቶና የይቅርታ ወረቀት ፈርሞ ተለቀቀ፤ ክስ አልተመሠረተበትም፣ ጥፋት የለብህም ያለውም የለም። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ከተማዋን ለቀቀ። አጥማቂውን ስለዚያ ልጅ እጅ የጠየቃቸው አልነበረም።

መርማሪውን በክፉ አላነሣውም። በዚያች ሰዓት ባለሙያውን ወደ ደጅ ቢያወጣው ኖሮ ሊደርስበት የሚችለውን እኔም ፈርቻለሁ። ጥፋቱ ያለው የተቆጣውን ሰው መበተንና ሥርዓት ማስያዝ የሚገባው ኃይል የተቆጡበትን ሰው ማቆየት ቀላል ሆኖ ያገኘበት አሠራር ላይ ነው፤ ይህ አሠራር ከቀጠለ ደግሞ ማንም ብዙ ሰው አሰባስቦ ጣቢያ ደጅ በመቆም ብቻ ሌላውን ዝም ማሰኘት እንደሚችል ይማራል። በዚያ ላይ ባለሙያው የጻፈው ነገር ከቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ቃል ጋር አይጋጭም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ታማሚዎች መድኃኒታቸውን እያቋረጡ መጎዳታቸውን ደፍሮ የሚናገር ሰው ባይኖር ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከፓትርያርክ አንደበት ባላስፈለገም ነበር።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በሐሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ እንደማይችል መሠረት ካስቀመጠ በኋላ፣ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን ለመንካት የታሰበ የአደባባይ ንግግርም እንደሚከለከል ይደነግጋል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጥበቃ የተደረገለት ሰው ነው እንጂ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 492 የአምልኮ ሥርዓትን የሚያውክንና የተቀደሰን ቦታ ወይም ንዋይ የሚያረክስን ሲቀጣ፣ በአንቀጽ 816 ደግሞ በአደባባይ በቃል ወይም በምልክት በሃይማኖት የሚያላግጥንና የሌላውን የእምነት ስሜት በጽኑ የሚያስቀይም ነገር የሚናገርን ሰው በደንብ መተላለፍ ይቀጣል። በመጀመሪያው ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ ቅዳሴ የሚያውክ ወይም የመስጊድ ምንጣፍ የሚያረክስ ሰው ሌሎች እምነታቸውን እንዳይፈጽሙ የሚከለክል ነውና። ሁለተኛው ግን መለኪያውን በሰሚው ስሜት ላይ ያኖራል፤ ስሜቱ ቶሎ የሚነካና ቁጥሩ የበዛ ወገን በበረታበት ቦታ ሁሉ ሕጉ የዚያ ወገን መሣሪያ ይሆናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 34፣ ለሃይማኖት አክብሮት ማጣትን የሚከለክሉ ሕጎች ጥላቻን ከማነሣሣት ጋር ካልተያያዙ በቀር ከቃል ኪዳኑ ጋር እንደማይስማሙ ገልጿል። የራሳችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 13 የመሠረታዊ መብቶች ድንጋጌዎች ከእነዚህ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል።

ለእኛ ለጎጃሞች በሃይማኖት ነገር መነቃቀፍና መከራከር ከውጭ የመጣ ወግ አይደለም። ከዋሸራ እስከ ጎንጅ፣ ከዲማ እስከ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤቶቻችን ያቆዩልን ባህል ተማሪ በመምህር ፊት የሚሟገትበት፣ ጳጳሱም ንጉሡም በውስጠ ወይራ፣ ማለትም ትርጉሙ በተሸሸገ ቅኔ፣ የሚነቀፉበት ባህል ነው። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር በዚህ ምድር ለብዙ ትውልድ ሲካሄድ፣ ሊቃውንቱ አንዱ ሌላውን በብርቱ ቃል ነቅፏል፤ ክርክሩ በሰው ላይ የከፋው ግን ቤተ መንግሥት ከአንዱ ወገን ቆሞ በሥልጣኑ ሲፈርድ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖትን ነገር በአዋጅ ሊቋጩ ሞክረው የወሎን ሙስሊሞች በግዴታ አስጠመቁ፤ በአዋጅ የተዘጋው የቅባት ትምህርት ግን እስከ ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም አማኞች አሉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ሲከለክል ከዚህ ታሪክ የተማረ ይመስለኛል። አንድ የምርመራ ክፍል ኃላፊ የትኛው ቃል ስድብ፣ የትኛው ተግሣጽ፣ የትኛው ኑፋቄ እንደሆነ መወሰን ሲጀምር የጉባኤውን ወንበር ይዟል ማለት ነው።

እጅግ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሃይማኖት ላይ ተመሥርቶ በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚቀሰቅስን ንግግር ሲከለክል፣ የሃይማኖት ትምህርት አካል የሆነን ንግግር ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መንግሥት ስብከትን መመርመር የለበትም። በተግባር ግን በድምፅ ማጉያ የጎረቤቱን ፕሮቴስታንት «ጸረ ማርያም» እያለ፣ እንዳትገበያዩት፣ ቤት እንዳታከራዩት፣ ለሬሳውም መቃብር እንዳትሰጡት የሚል ሰባኪ «ትምህርት ነው» ተብሎ ሲታለፍ፣ ያው ፕሮቴስታንት ለሥዕል መስገድን የሚቃወም አንድ ቃል ቢጽፍ ጣቢያ ይጠራል። ስለ ሥዕል የተጻፈው ትምህርትን ይነቅፋል፤ ስለ መቃብር የተነገረው ግን ሰውን ከኑሮ ያስወጣል። አዋጁ የሚከለክለው ሁለተኛውን ሆኖ ሳለ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነው። ይህን የምናገረው በእኔው ቤተ ክርስቲያን አውደ ምሕረት ስም ስለሚፈጸምም ጭምር ነው፤ ብዙኃኑ እኛ በሆንንበት ምድር የመጀመሪያው ኃላፊነት የእኛ ነውና። በሌላ አካባቢ ብዙኃኑ ሌላ ሲሆን በኦርቶዶክሱ ላይ የሚደርሰውም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቆችም ተዘርፈዋል። ያንን እሳት የለኮሰው ስለ ነቢዩም ሆነ ስለ ሥላሴ የተጻፈ ትችት አልነበረም፤ ቀደም ብሎ በቤተ ክርስቲያን ላይ ስለደረሰ ቃጠሎ የተናፈሰ ወሬ ነበር። የሕግ ዐይን ሊያነጣጥር የሚገባው ያን ጊዜ «ሂዱ፣ አቃጥሉ» በሚለው ሰው ላይ ነው። በጸጥታ ችግር ላይ ባለው በዛሬው ክልላችን፣ የመርማሪ ጉልበት ማን ቅዱሱን ደፈረ በሚል ጥያቄ ላይ ሲባክን፣ ቀስቃሹ ሳይታይ ያልፋል።

ስለዚህ ቢሮው ለዞንና ለወረዳ ዓቃቤያነ ሕግ፣ በእነርሱም በኩል ለፖሊስ መርማሪዎች፣ የሚከተለውን የያዘ መመሪያ በጽሑፍ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንድን ትምህርት፣ ሥርዓት፣ የሃይማኖት ተቋም ሒሳብ ወይም የአገልጋይን ምግባር የሚነቅፍ ንግግር ብቻውን የምርመራ መዝገብ እንዳይከፈትበት፤ መዝገብ ከመከፈቱ በፊትም ዓቃቤ ሕጉ የጥላቻ ቅስቀሳን ከነጻ ንግግር ለመለየት በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር የተቀመጡትን መመዘኛዎች፣ ማለትም አውዱን፣ የተናጋሪውን ተሰሚነት፣ ሆን ብሎ ለመቀስቀስ ማሰቡን፣ የንግግሩን ይዘትና አቀራረብ፣ የስርጭቱን ስፋትና ጉዳት የማድረስ ዕድሉን መዝኖ በጽሑፍ እንዲያሰፍር፤ ሕዝብ ተቆጣ በሚል ምክንያት የሚቆይ ሰው ቢኖር ጥበቃ የሚደረግለት በፈቃዱ እንዲሆንና የይቅርታ ወረቀት እንዳይፈረምበት፤ የሰባኪ ንግግር በሰው ላይ መድልዎ ወይም ጥቃት የሚጠራ ሲሆን የትምህርት ከለላ እንዳይሰጠው። አንቀጽ 816ን ማሻሻል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣን መሆኑን አውቃለሁ፤ እስከዚያው ድረስ አንቀጹን በጠባቡ መተርጎም ግን በእናንተ እጅ ነው።

የመመሪያው ረቂቅ ሲዘጋጅ የቤተ ክህነት፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤትና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች እንዲጠሩ፣ ከእነርሱም ጋር እምነት የለንም የሚሉ ዜጎች እንዲሰሙ እለምናለሁ። እኔም ከያዝኋቸው ጉዳዮች የባለጉዳዮችን ስም ሳልገልጥ ማቅረብ የምችለውን ሁሉ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደብረ ማርቆስ ጠበቃ