ልጅ ያጣ ወይራ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ክበባችን ሥራ ሲጀምር የተመዘገቡት ተማሪዎች 34 ነበሩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ኮምፒዩተር ክፍል ገብተን የደቡብ ጎንደርን የሳተላይት ምስል ከፈትን። የሚታየው ቡናማ ማሳ ነው፤ በመሐሉ እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥብ አለ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ «ይቺ እኮ የእኛ ማርያም ናት!» አለች። እውነቷን ነው፤ ነጥቦቹ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በዞናችን ቁጥራቸው ከ1,000 ይበልጣል፤ የብዙዎቹ ደን ግን ከጥቂት ሄክታር አያልፍም። የደን ተመራማሪው ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ በ28ቱ ላይ ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከሜዳው የተመነጠረው ሁሉ የተረፈው እዚያ ተጠግቶ ነው።

በኅዳር ከትምህርት ቤታችን የአርባ ደቂቃ መንገድ ወዳለ ደብር ሄድን። መሪጌታው ተማሪዎቹን ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሾሙን ከኦሪት ዘፍጥረት አነበቡላቸው። ከዚያም «ዛፉ ለቤተ ክርስቲያን ልብሷ ነው፤ ልብሷን የገፈፈ እሷን አራቆተ» አሏቸው። እኔ ስለ ብዝኃ ሕይወት ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ተማሪዎቼ ትርጉሙን ለፈተና ይሸመድዱታል። የዚያን ቀን ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ትምህርቱ የገዛ ቤታቸው ጉዳይ ሆነ።

የሰበካ ጉባኤው ፈቅዶልን በካስማና በገመድ አሥር በአሥር ሜትር እየለካን ቆጠራ ጀመርን። ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ማቀፍ ያቃታቸው አንድ ወይራ አለ። ሥሩ በፍሬው ጠጠር ተሸፍኗል፤ እበትም አለ። ችግኝ ግን አንድ ብቻ አገኘን፤ እሱም ጫፉ ተግጧል። ቀትር ላይ ከብቶች ጥላ ፍለጋ ይገባሉ፤ ለቅዳሴና ለቀብር የሚመጣው ሰው በቅሎና አህያውን እዚያው ያስራል። ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ሲገቡበት ግን ሕፃን የማይሰማበት መንደር ይመስላል። ተማሪዎቹ ቆጠራውን ጨርሰው ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ዝም ብለው ነበር። የዶ/ር አለማየሁ ጥናትም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ከብት የማይደርስበት ቡቃያ ይተርፋል።

መላውም የታወቀ ነው። ዶ/ር አለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከዶ/ር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በዞናችን ካህናቱንና ምእመኑን በማስተባበር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ እርሻውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። እኛም ሐሳቡን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሽማግሌዎች አቀረብን። አንድ አባት ተነሥተው «ከብቴስ የት ይጠለል?» ሲሉ ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። በዳር ያሉት ሁለት ዋርካዎች ከካቡ ውጪ ለከብት እንዲቀሩ፣ ለሰውም በር እንዲኖር ተስማማን።

ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ሥራውን በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አደረግነው። ገበሬዎቹ በደቦ ወጡ፤ እናቶች ቆሎና ጠላ አመጡ። የአብነት ተማሪዎች ከጎጇቸው ወጥተው ከእኛ ልጆች ጋር ድንጋይ ተቀባበሉ። ሙስሊም የክበቡ አባላትም ከማሳው ድንጋይ ሲያመላልሱ ዋሉ። ያንን ሳይ የተሰማኝን ደስታ እዚህ መጻፍ ይከብደኛል።

የችግኝ ጣቢያችን በቀላሉ አልተሳካም። በታኅሣሥ በችግኝ ላስቲክ የዘራነው የወይራ ፍሬ እስከ የካቲት አንዱም አልበቀለም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የፍሬው ጠጠር ጠንካራ መሆኑን እያወቅሁ እንዳለ አዘራሁት። እንደገና ለቅመን፣ ውስጡ እንዳይጎዳ በሁለት ድንጋይ መሐል ቀስ አድርገን እየሰነጠቅን ዘራን። በሚያዝያ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ብቅ አሉ። የግድግዳ ጋዜጣችንም ሦስት ጊዜ ወጥቷል።

በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ወደዚያው ትልቅ ወይራ ተመለስን። ተማሪዎቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው ቅጠሉን በጣታቸው እየገለጡ ፈለጉ። ባለ ሁለት ቅጠል ቡቃያዎች አገኙ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ እንጨት ተክለው ቀይ ክር አሰሩበት። ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግቢውን ለሚጠርጉት እናት ክሩን እያሳየች «እማማ፣ እዚህ ጋ መጥረጊያ እንዳያርፍ» ብላ ለመነች። እሳቸውም እሺ አሉ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው አብረዋት መቁጠር ጀመሩ።

በሰሜን በኩል ያለው ካብ አላለቀም። ድንጋዩ ተከምሮ አዝመራው እስኪሰበሰብ ይጠብቃል። የቆጠራው ደብተር በመጪው ዓመት አሥረኛ ክፍል ለሚገቡት ተላልፏል፤ ደቦው በጥር ይቀጥላል።