ቅበላችንን ላደመቃችሁልን የኮሎኝ ሰዎች

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ የገባነው ባለፈው መስከረም ነው። ካርኒቫል ሲባል በቴሌቪዥን ካየሁት የብራዚሉ በቀር የማውቀው አልነበረኝም። የኮሎኝን ካርኒቫል ካየሁ በኋላ ግን የምስጋና ዕዳ አለብኝ። በአማርኛ የምጽፈው ካገዛችሁን ብዙዎቻችሁ አበሾች ስለሆናችሁ ነው። ለጀርመኖቹ ልጄ ትተረጉምልኛለች፤ ቋንቋውን ቀድማኝ ይዛዋለች።

መጀመሪያ ለእትዬ። «ሐሙስ ዕለት ባልሽ ጥሩ ክራቫት አድርጎ እንዳይወጣ» ብለው አስጠንቅቀውን ነበር። ያ ሐሙስ በካርኒቫሉ የሴቶች ቀን ነው። በፈረንጅ ሰዓት ልክ 11:11 ሲሆን ሴቶቹ ከተማውን ይረከባሉ፣ መቀስ ይዘው የወንዱን ክራቫት ይቆርጣሉ፣ ካሳው ጉንጭ ላይ መሳም ነው። የኔው ሰውዬ ምክር አይሰማም። የሠርጋችንን ክራቫት አድርጎ ሄዶ በግማሹ ተመለሰ። መሳሙንም ሳይደብቅ ነገረኝ፤ እንግዲህ ለሐቀኝነቱ እሱንም አመሰግናለሁ።

እሑድ የትምህርት ቤቶችና የሰፈሮች ሰልፍ ነበር። ሰኞ ከሚወጣው ከትልቁ ሰልፍ ይልቅ እኔ የወደድኩት ይሄን ነው። የልጄ ክፍል የካቴድራሉ ርግቦች ሆኖ ወጣ። ክንፉን የሰፋችልን ከታች ያለችው ጎረቤቴ ናት። አሮጌ አንሶላ ቀዳ፣ ጠርዙን ግራጫ ቀለም ነክራ፣ ለሃያ ምናምን ልጅ ማታ ማታ ስትሰፋ ከረመች። ገንዘብ ብሰጣት እጄን መለሰችው። ለኔም ትርፍ ክንፍ ነበራት፤ ፊቴንም ግራጫ ቀባችኝ። ነጠላዬን ከላይ ደረብኩበት፤ አንዷ እናት «አልባስሽ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። ለካ እሱንም የካርኒቫል ልብስ መስሏታል።

የክፍሉን የከረሜላ ጋሪ እንድገፋ ተመደብኩ። ግራና ቀኝ ሕዝቡ «ካሜሌ! ካሜሌ!» (በኮሎኞች አነጋገር ከረሜላ ማለት ነው) እያለ ይጮኻል፤ ጃንጥላውን ገልብጦ የሚጠብቅም አለ። መወርወሩ መጀመሪያ ከበደኝ። እኛ አገር እንግዳን ያጎርሱታል እንጂ አይወረውሩለትም! ከጎኔ የሚሄደው አባት ገባው መሰለኝ፣ «ለትንንሾቹና ለሽማግሌዎቹ ጠጋ ብለሽ በእጃቸው ስጪ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ። አንዲት አሮጊት ከረሜላዬን ተቀብላ በምትኩ ካርኔሽን አበባ ሰጠችኝ። እናቴ፣ የት እንዳለሽ ባላውቅም አመሰግንሻለሁ።

ደግሞ የዘንድሮው አገጣጠም! የካቲት 8 የእኛ ቅበላ ነበር። ካርኒቫሉም እኮ ሥሩ ያው ነው፤ ከፋሲካ በፊት ያለው ጾም ሳይገባ መብላት፣ መጠጣት፣ መጨፈር። የእነሱ ጾም ረቡዕ ይገባል፣ የእኛ ሁዳዴ ሰኞ ገባ። ማታ እትዬ ቤት ክትፎውን የበላሁት የርግብ ቀለሜን ሳልታጠብ ነው። እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ ስቃችሁብኛል፤ ግን አጉርሳችሁኛል።

ሰኞ ትልቁ ሰልፍ ወጣ። የካርኒቫሉ ሦስት ዋና ገጸ ባሕርያት አሉ፦ ልዑል፣ ገበሬና ልጃገረድ፤ ልጃገረዷ እንደ ልማዱ ጢሙን የተላጨ ወንድ ነው። ልዑሉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ እሱን ለማየት ቀና ብዬ ስጠብቅ፣ ከሠረገላ ላይ የተወረወረ የቸኮሌት ሳጥን ቅንድቤን አገኘኝ። ደም ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። የመነኩሴ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ደግፎ አስቀመጠኝ፣ ሌላው ሮጦ የመጀመሪያ እርዳታ በጎ ፈቃደኞችን ጠራ። ቁስሉን ጠርገው፣ ፕላስተር ለጥፈው፣ በረዶ አስይዘው፣ ራሴን እንዳላዞረኝ ሦስቴ ጠይቀው ለቀቁኝ። እነዚያ ልጆች ሌላው ሲጨፍር በነፃ ቆመው ይውላሉ። መነኩሴው ሳጥኑን አንስቶ እቅፌ ላይ አኖረልኝ። በወተት የተሠራ ቸኮሌት፣ በሁዳዴ የመጀመሪያ ቀን! ፈተና ይሏል ይሄ ነው።

ብርቱካናማ ልብስ የለበሳችሁ የጽዳት ሠራተኞች፣ የእናንተን ስም የሚያነሳ ስለማይገኝ ላንሳው። የመጨረሻው ሠረገላ እንዳለፈ መጥረጊያና መኪናችሁን ይዛችሁ ከኋላ ተከተላችሁ። የተረገጠው ከረሜላ፣ ጠርሙሱ፣ ወረቀቱ ዓይናችን እያየ ተነሣ።

ማክሰኞ ማታ ሰፈራችን መጠጥ ቤት ደጃፍ የገለባ አሻንጉሊት ተቃጠለ። ኑበል ይባላል። የሰሞኑ ጥፋት ሁሉ፣ ስካሩም፣ ያለቀው ብርም፣ በሱ ይላከካል። ባለቤቴ «ክራቫቴንም እሱ ነው የቆረጠው» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያስተረጎምክለት የጠጅ ቤት ባልደረባው፣ አንተንም እግዜር ይስጥህ።

ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ዶሮ ወጥ ይኖራል፣ ቸኮሌቱም ያኔ ይከፈታል። እትዬ፣ የክፍሉ ወላጆች፣ ጎረቤቴም ከነልጆቿ፣ ከሰዓት በኋላ እንጠብቃችኋለን። ያን መነኩሴ የሚያውቀው ካለ ይንገርልኝ፤ የሱም ድርሻ ተቀምጧል።