አንድ ሰዓት ላይ እኛ ገና ሰልፍ ላይ ነን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ስላለው ወንጀል ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤአለሁ። እንዳላነብም የሚያስችል አልነበረም። የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላከልኝ። ሁለት ባልደረቦቼ ላኩልኝ። በመጨረሻ አክስቴ ራሷ ደውላ «ልጄ፣ ኧረ ያን ቤት ሽጪውና ወደ ሰው መሃል ነይ» አለችኝ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። ከገባሁ ሰባት ዓመት አልፎኛል። እስከማውቀው ድረስ ጎረቤቶቼም ሰው ናቸው።

ፎቶው የእኛ ሰፈር አለመሆኑን ልለፈው። እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ነዋሪዎች ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በራቸውን ቆልፈው ይቀመጣሉ።»

የቱን በር? ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እኮ የአራብሳ ሰው ገና መገናኛ ተሰልፏል! እኔ መምህርት ነኝ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከክፍል በኋላ ሁለት ልጆች አስጠናለሁ። ቀኑ ከቀና 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ እገባለሁ፤ ዝናብ ከጣለ እግዜር ያውቃል። ቀላል ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል። ከአያት ወዲህ ያለው የራሳችን ጣጣ ነው። በ1 ሰዓት ቤታችን ገብተን በር መቆለፍ ብንችልማ ምን ቸገረን። ጋዜጠኛው ዘዴውን ካወቀ ይንገረን።

ዘገባው ወንጀል ከአስር ዓመት በፊት ከነበረው «በብዙ እጥፍ ጨምሯል» ይላል። ጨምሮ ይሆናል። ግን ከምኑ ጋር ነው ያነጻጸራችሁት? አራብሳ ያለበት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ራሱ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከአስር ዓመት በፊት በዚህ ስም የሚጠራ ክፍለ ከተማ አልነበረም። ያልነበረ ክፍለ ከተማ ሰላማዊ ቢሆን ምን ይገርማል?

ደግሞ ሰፈር ከሰፈር ለማወዳደር የወንጀሉን ብዛት ለነዋሪው ብዛት ማካፈል ያስፈልጋል። እናንተ ለስንት ሰው አካፈላችሁት? አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2 ሚሊዮን 739 ሺህ ሰው ነበራት። የእኔ ብሎክ የቆመበት መሬት ደግሞ ማሳ ነበር። (ያን መሬት ያርሱ የነበሩት ገበሬዎች ነገር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።) ቀጣዩ ቆጠራ ሲራዘም፣ ሲራዘም ይኸው አለ። አካፋይ በሌለበት ማካፈል የለም። ተማሪዬ እንዲህ ሠርቶ ቢያመጣልኝ ደብተሩን እመልስለታለሁ እንጂ ፊት ገጽ ላይ አላወጣውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ከቁጥራችሁ ውስጥ አንዷ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የዛሬ ሁለት ዓመት ስልኬ ተሰርቋል። መገናኛ ሰልፍ ላይ ቦርሳዬን በምላጭ ቀደውት ነው። ያወቅኩት ግን ቤቴ በር ላይ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ፣ ጣቴ በቀዳዳው ሾልኮ ሲወጣ ነው። ሲም ለማውጣት ማስረጃ ስላስፈለገኝ በማግስቱ ለቤቴ ቅርብ ወደሆነው ጣቢያ ሄድኩ።

«የት ነው የተወሰደብሽ?» አለኝ መዝጋቢው።

«መገናኛ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እንዴት ብዬ እርግጠኛ ልሁን? ሌባው ደህና ሁኚ አላለኝ።

«እሺ፣ አድራሻሽ የት ነው?»

«አራብሳ።»

እሱን ጻፈ። በቃ፣ የመገናኛው ሌባ የአራብሳ ሌባ ሆኖ ቀረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የጎረቤቴ መኪና ሁለቱም ስፖኪዮ ተነቅሎ አደረ። እዚሁ፣ ብሎካችን ሥር። ያ እውነተኛ የአራብሳ ስርቆት ነው። ጎረቤቴ ግን «ማንን ብዬ ልክሰስ?» አለና ሌላ ገዛ። ስለዚህ የኔው ተቆጥሯል፣ የሱ አልተቆጠረም።

ሰፈራችን ገነት ነው አላልኩም። ዝርፊያ አለ። የት እንዳለም አሳምረን እናውቃለን፤ መጥቶ የጠየቀን የለም እንጂ። ማታ ማታ ታክሲዎች መጨረሻው ድረስ አይሄዱም። አንድ ማዞሪያ ሲቀር ረዳቱ «ከዚህ አያልፍም፣ ውረዱ» ይላል፤ ሙሉ ሒሳቡን ተቀብሎ። ከዚያ እስከ ብሎኮቹ ያለው መንገድ ምሰሶ አለው፣ መብራት የለውም። በአንድ በኩል አጥር፣ በሌላው በኩል ክዳን የሌለው ቦይ ነው። ማጅራት መቺ ሞኝ አይደለም። ሰው በየማታው በጨለማ የሚራገፍበትን ቦታ ከነሰዓቱ ያውቃል። ታክሲው ቢጨርስና አምስት አምፖል ቢበራ ሥራ ይፈታ ነበር።

እስከዚያው ማንም ብቻውን አይሄድም። ከታክሲ ወርደን ከማናውቀው ሰው ጋር ቆመን እንጠባበቃለን። «ወደ ታች ስንት ናችሁ?» ይላል አንዱ። የስልክ ባትሪ ይበራና ተከታትለን እንሄዳለን፤ ከሩቅ ላየን ታቦት የምናጅብ እንመስላለን። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት ሁለት ፌስታል አንጠልጥለው «ልጆች፣ ቀስ በሉልኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። አሥራ አንድ ሰው እርምጃውን ቀነሰ። አንዱ ፌስታሎቹን ተቀበላቸው። ግቢው በር ላይ የጥበቃችን ጋሼ ካፖርት ደርበው፣ ቆመጣቸውን ይዘው ይቆጥሩናል። «የሦስተኛ ፎቋ ነርስስ?» ይላሉ። ማን እንዳልገባ ያውቃሉ። ይኼ ሁሉ የሆነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፤ እናንተ በር ባስቆለፋችሁብን ሰዓት።

ከተማ አስተዳደሩ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ሲያግድ አንዱ ምክንያቱ በሞተር እየመጡ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁት ነበሩ። ያኔ የቦሌ መንገድ ሰው በሩን ቆልፎ ተቀመጠ ብሎ የጻፈ ጋዜጣ አላየሁም። መሃል ከተማ ሲሆን ሌባው ነው ክፉ። ዳር ሲሆን ግን ሰፈሩ ነው።

ለእናንተ አንድ ገጽ ነው። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ግን ቀብድ ሊከፍላት የነበረ ተከራይ «ሰፈሩን አጣርቻለሁ» ብሎ ቀርቶባታል። ሲያጣራ ያገኘው የእናንተን ዘገባ ነው።

ጋዜጠኛው ይምጣ። ሐሙስ አስጠኚነት ስለሌለኝ ቀደም ብዬ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ እሰለፋለሁ፤ ቦታ እይዝለታለሁ። ከማዞሪያው በኋላ አብረውት የሚሄዱ ሰዎች ስላሉ አይስጋ። ስልኩን ግን መገናኛ ላይ በደንብ ይያዝ።

የሒሳብ መምህርት
ከቦሌ አራብሳ