የማን አጥንት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እናቴ ባለፈው ዓመት አንድ የመንጋጋ ጥርሷን ተነቀለች። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፣ በ12 ወር ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ወደፊት ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) እንዲተከልላት ብሎ ጉድጓዱን በነጭ፣ እንደ ሻካራ ጨው ባለ ነገር ሞላው። "ምንድን ነው?" ስትለው "አጥንት ነው" አላት። በቃ። ማታ ቤት ከገባች በኋላ ነው ጥያቄው የመጣባት፦ የማን አጥንት? የሞተ ሰው መስሏት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። (ከሞተ ለጋሽ የሚወሰድም አለ፣ ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አልነበረም።)

ደውዬ ጠየቅኩ። የከብት ነው አሉኝ። ከላይ የሸፈነው ስስ ነገር ደግሞ ከአሳማ የተሠራ። እሱን ስነግራት ዝም አለች።

ሕክምናውን አልቃወምም። የከብቱ አጥንት በከፍተኛ ሙቀትና በኬሚካል ፕሮቲኑና ስቡ ወጥቶለት ማዕድኑ ብቻ ነው የሚቀረው። ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማዕድን ሕንፃ ሲሠራ እንደሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፤ ደሟ ይገባበታል፣ የራሷ አጥንት ተደግፎት ያድጋል። ብቻ ይሄኛው መወጣጫ ሥራው ሲያልቅ አይፈርስም። ቅንጣቶቹ ለዓመታት እዚያው አጥንቷ ውስጥ ይቆያሉ። ታዲያ ለዓመታት ሰውነቷ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ከምን እንደመጣ ቀድሞ ሊነገራት አይገባም ነበር?

አማራጭ እኮ አለ። ከራስ አገጭ ወይም ከመንጋጋ ጀርባ አጥንት መውሰድ ይቻላል፣ ሌላ ቁስል ቢጨምርም። ከእንስሳ ያልሆነ፣ በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ሽፋኑም ከከብት የተሠራ ይገኛል። ዋጋው ይለያይ ይሆናል፣ ሁሉም ክሊኒክ ሁሉንም ላያስቀምጥ ይችላል፤ ግን አሳማ የማይበላ ክርስቲያንና ሙስሊም በሞላበት አገር ይህን ሳይጠይቁ አፍ ውስጥ መስፋት ልክ አይደለም። እናቴ የነፍስ አባቷን አማክራ እሺ ትል ነበር ይሆናል። ዕድሉን ግን አላገኘችም። የፈረመችው ወረቀትም በእንግሊዝኛ ነበር።

በፈቃድ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር በአማርኛ ይጻፍ፦ ከየትኛው እንስሳ፣ ከየትኛው አካሉ። የጤና ዓምዳችሁም አንድ የጥርስ ቀዶ ሐኪም ጋብዞ ይህን ቢጠይቅልን ደስ ይለኛል። እናቴ በግራ በኩል ሌላ ጥርስ ለመነቀል ቀጠሮዋ ከፋሲካ በኋላ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ