ደብረ ብርሃን ላለችው ልጄ

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ቅዳሜ ዕለት የአክስትሽ ልጅ መጥታ ስለ አንቺ ስትነግረኝ እንጀራ እየጋገርሁ ነበር፤ የሰማሁት ነገር ምጣዱን አስረስቶኝ አንዱን እንጀራ አሳረርሁት። በማደሪያችሁ ሙቅ ውኃ ስለሌለ ፊትሽን በወጉ መታጠብ እንደ ተውሽ፣ ከዚያ ወዲህ ግንባርሽና ጉንጭሽ ብጉር በብጉር እንደ ሆነ፣ ለእርሱም መፍትሔ ብለሽ ከአንዲት ጓደኛሽ እጅ ስም የሌለው ክሬም እንደ ገዛሽ ነገረችኝ። እርሷን እንዳትቆጫት፤ ስለምታስብልሽ ነው የተናገረችው። ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ግን ይህን ልበልሽ፦ ያን ክሬም አትቀቢ።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ መሆኗን፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጯም ጣት እንደሚያደነዝዝ አላጣሁትም። ቢሆንም ፊት ለመጽዳት ሙቅ ውኃ አይሻም። ሙቅ ውኃ የቆዳን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ይዘጋዋል የሚሉሽን አትስሚ፤ ቀዳዳው የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ የለውም። እንዲያውም በጣም የሞቀ ውኃ ቆዳ ራሱ የሚያወጣውን ወዝ ጠርጎ ስለሚወስድ፣ እንደ እናንተ አገር ባለ ደረቅ ብርድ ፊትን ይሰነጣጥቃል። ቅዝቃዜው ከከበደሽ ሁለት ኃይላንድ ውኃ ሞልተሽ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ላይ አቁሚው፤ የደጋ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብርዱ የተሰበረ ውኃ ታገኛለሽ። የሳሙናውን እጥበት ያን ጊዜ አድርጊውና ጠዋት በውኃ ብቻ ተለቃለቂ። ለፊት አንድ ትልቅ ኩባያ ውኃ ይበቃል፤ የኃይላንዱን ክዳን በመርፌ ብትበሽው ደግሞ እንደ ቧንቧ ቀስ እያለ ይወርድልሻል።

መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። የልብስ ሳሙና ፊትሽን አይንካው፤ ሽታ ያልበዛበትን የገላ ሳሙና በመዳፍሽ አረፋ አድርገሽ፣ በጣትሽ ጫፍ ብቻ፣ ሳትፈትጊ፣ እስከ ሃያ እየቆጠርሽ እሺው። ቀዝቃዛ ውኃ ሳሙናን ቶሎ ስለማያስለቅቅ ሦስት ጊዜ ተለቃለቂ፤ አብዛኛው ሰው በብርዱ ተማርሮ አንድ ጊዜ ረጭቶ ስለሚተወው ቀሪው ሳሙና ነው ፊቱን የሚያሳክከው። ኩል ከተኳልሽ ማታ በጥጥ ላይ ጥቂት ቫዝሊን አድርገሽ አንሺው። ሎሚ ግን በምንም ምክንያት አትቀቢ፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ጠባሳውም ለወራት አይለቅም። ፎጣሽን ለማንም አታውሺ፣ የማንንም አትዋሺ፤ በክልላችን ስንቱን ዓይን ያጠፋው ትራኮማ ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የጋራ ፎጣ ነው።

ግንባርሽ ላይ ስለ ወጣው ብጉር ሳስብ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ራሴን ወቀስሁ። ለጸጉርሽ ቅቤ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። ቅቤው ሌሊቱን ቀልጦ ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ቅቤ የተቀባሽ ዕለት ሻሽሽን ከጸጉርሽ መነሻ ከፍ አድርገሽ እሰሪ፤ ጸጉርሽንም ከታጠብሽ በኋላ ፊትሽን እንደገና ታጠቢ፤ የትራስ ጨርቅሽንም በየሳምንቱ እጠቢው።

አሁንም እደግመዋለሁ፣ ያን ክሬም አትቀቢ።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅሽ ማወቅ አለብሽ። ትንሽ ልጅ ሳለሽ የሠርጋችንን ፎቶ ይዘሽ መጥተሽ «እማዬ፣ ፊትሽ ከአንገትሽ ለምን ቀላ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም የፎቶ ቤቱ መብራት ነው አልሁሽ። ውሸቴን ነው። ለሠርጌ ሁለት ወር ሲቀረው አንዲት ጎረቤት እንደ አንቺው ያለ ስም የለሽ ክሬም ሰጥታኝ፣ ጠዋትና ማታ ስቀባው በሦስት ሳምንት ውስጥ ብጉሬ ጠፍቶ ፊቴ እንደ ሕፃን ለሰለሰ፤ ያየኝ ሁሉ አደነቀ፣ እኔም ኮራሁ። ከሠርጉ በኋላ ክሬሙ ሲያልቅብኝ ግን ፊቴ ቀልቶ ተቃጠለ፣ ብጉሩ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፣ ፀሐይ ላይ መውጣት አቃተኝ። እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት እንደሚገኝ፣ ቆዳንም እያሳሳ እንደሚሄድ የነገረኝ ሐኪም ያየኝ ዘግይቼ ነው። በግራ ጉንጬ ላይ የቀረውን ጥቁረት፣ አንቺን ስጸንስ የወጣ ማድያት ነው እያልሁ አሳደግሁሽ። አንቺም ሕፃን ሳለሽ «የእኔ ምልክት» እያልሽ ትስሚው ነበር፤ በሳምሽው ቁጥር እውነቱን ልነግርሽ አስቤ አፌ እምቢ አለኝ። የእኔን ጥፋት በአንቺ ላይ ማሳበቤን ይቅር በይኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። መቀባት ጀምረሽ ከሆነ አትደብቂኝ፤ ክሬሙን እንደ ያዝሽ ለቆዳ ሐኪም አሳዪው፣ እንዴት እንደምትተዪውም እርሱ ይንገርሽ። እዚያ ካልሆነልሽ ለእረፍት ስትመጪ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን፤ ለመሳፈሪያው አትጨነቂ። ካልጀመርሽው ለማንም ሳትሰጪ ጣዪው፤ የከፈልሽበትን ገንዘብ እኔ እልክልሻለሁ።

በአክስትሽ ልጅ እጅ ሁለት ትንንሽ ፎጣዎች፣ አንድ ሳሙናና የተፈጨ አጃ ልኬልሻለሁ። ፊትሽ ሲቆጣ አጃውን በነጠላ ቁራጭ ቋጥረሽ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጭመቂው፤ ነጭ ሆኖ በሚወጣው ውኃ ፊትሽን አርጥቢና ጥቂት ቆይተሽ ተለቃለቂ። ግሊሰሪንም አለ፤ ብቻውን በደረቅ ብርድ ቆዳን ስለሚያደርቅ አንድ እጁን በሁለት እጅ ውኃ በጥብጠሽ፣ ፊትሽ እርጥበቱ ሳይለቀው በስሱ ተቀቢው። ጠርሙሱ ከቆሎው ሥር ነው። ክዳኑን አጥብቄ በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፤ ምናልባት ፈስሶ ከሆነ ግን ቆሎውን አትብዪው፣ ሌላ እቆላልሻለሁ።

እናትሽ