ቫይረሱ ብቻውን አይደለም ካንሰሩን የሚያመጣው

ሰላም አዘጋጅ፣ ባለፈው ስለ ኤችቲኤልቪ-1 (ቲ-ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ስለሚይዘው ቫይረስ) የጻፋችሁትን አንብቤ ትንሽ ቅር አለኝ፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የሚይዘው አስመሰላችሁት። እንደዛ አይደለም እኮ! በዓለም ላይ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰው ቫይረሱ አለበት ተብሎ ይገመታል፣ በህይወት ዘመኑ የአዋቂዎች ቲ-ሴል ሉኪሚያ የሚይዘው ግን ከ100 ሰው 5 ቢሆን ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከአስርት ዓመታት በኋላ። ለምን ይሄን ያህል ይቆያል ካላችሁ፣ ቫይረሱ ታክስ በሚባለው ፕሮቲኑ (ስሙ ነው እንጂ ከግብር ጋር አይገናኝም) ቲ-ሴሉን እንዲባዛ ይገፋዋል፣ ሴሉ በተባዛ ቁጥር ደግሞ ዲኤንኤው ላይ ስህተት እየተጠራቀመ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ፒኤልሲጂ1፣ ፒአርኬሲቢ፣ ካርድ11፣ ሲሲአር4 የሚባሉ ጂኖች ላይ ሚውቴሽን (እንዲህ ያለ የዲኤንኤ ስህተት) በዚህ ሉኪሚያ ታማሚዎች ሴሎች ውስጥ በብዛት አገኙ፣ የሚገርመው ብዙዎቹ ታክስ ራሱ የሚነካካው የሴሉ የምልክት መስመር ላይ ያሉ ናቸው፣ ማለት ቫይረሱ የጀመረውን ሚውቴሽኑ ይረከበዋል፣ ታክስ ዝም ቢል እንኳ ሴሉ አይቆምም። ሲሲአር4 ላይ ያነጣጠረ መድኃኒትም ጃፓን ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ተፈቅዷል። ቫይረሱ በጡት ወተት፣ በግብረ ስጋና በደም እንደሚተላለፍም በሚቀጥለው ጨምሩበት፣ ዘላችሁታል።